ጳጉሜ የጠፋችበት ካርታ

አዲስ አበባ አሥር ቀን ሠልጥኜ ሚዛን ተፈሪ የተመለስኩ ሰሞን፣ ከእኔ በላይ የተማረ ሰው ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። በኤክሴል የተሠራ ሰንጠረዥን ወደ ካርታ የሚቀይር ሶፍትዌር ተምሬ ነው የመጣሁት። የምስክር ወረቀቴን ላሚኔት አስደርጌ ጠረጴዛዬ ላይ በሩን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጌ አቆምኩት፤ ሰላም ሊለኝ የገባ ሰው ሳያነበው እንዳይወጣ ብዬ ነው። እናቴ ምን ተምረሽ መጣሽ ብትለኝ "ዳታ ማጽዳት" አልኳት። ቤቱን እንኳ አጽድተሽ አታውቂም ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን የገባት መስሎ አልታየኝም።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የምሠራው በዞኑ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ የገጠር ምንጮችን በሚያጎለብት ክፍል ውስጥ ነው። ምንጭ ማጎልበት ማለት ከመሬት የሚፈልቀውን ውሃ በሲሚንቶ ከልሎ፣ ክዳን አበጅቶ፣ በቧንቧ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ከብቱና ሰው አንድ ጉድጓድ ላይ መሻማታቸው ይቀራል። ክፍላችን በየዓመቱ የሚሠራቸው ምንጮች ጥቂት ናቸው፤ የሚጠይቁት ቀበሌዎች ግን መዓት ናቸው። እስከዚያ ድረስ ምርጫው የሚካሄደው በስብሰባ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ሊቀመንበር ያለው ቀበሌ ብዙ ጊዜ ይቀናዋል። ኃላፊያችን ይሄ ነገር እንዲቀር ፈልጎ፣ ከእንግዲህ ምርጫው በካርታ ይሆናል አለ። ካርታውን የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

ኮምፒውተራችን አንድ ነበር። ሚዛን ዝናቡ ስለማያባራ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚውለው፤ ስገልጠው ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል። የመስክ ቴክኒሻኖቻችን በየቀበሌው እየዞሩ በወረቀት ቅጽ የሞሉትን እኔ ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ሰንጠረዡን ለካርታው ሶፍትዌር አስረክባለሁ። ማስረከብ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሶፍትዌሩ ጠርጣራ ነው። እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ቁጥር ነው? ጽሑፍ ነው? ወይስ ቀን? አንዴ ቁጥር ነው ካልሽው ቁጥር ያልሆነውን አይቀበልም። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ቦታውን ባዶ ያደርገዋል።

የእኛ ቅጾች ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠርጣራ የተሠሩ አልነበሩም። "ከፍታ" በሚለው ዓምድ ውስጥ አንዱ ቴክኒሻን "አንድ ሺህ አራት መቶ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ጽፏል። "የተጠቃሚ ቤተሰብ ብዛት" በሚለው ሌላው "ብዙ" ብሎ አልፏል። የሊቀመንበሩን ስልክ "ቁጥር" ነው ብዬ ሳስገባው ከፊቱ ያለችውን ዜሮ ቆርጦ ጣላት፤ በዚያ ቁጥር ቢደወል ማን እንደሚያነሳ አላውቅም። የቀበሌ መለያችንም 07 የነበረው 7 ብቻ ሆኖ ቀረና ሶፍትዌሩ ቀበሌውን ከነጭራሹ አላውቀውም አለ። ስልክም መለያም ቁጥር መስለው ጽሑፍ እንደሆኑ ያኔ ገባኝ፤ አይደመሩም፣ አይቀነሱም፣ ስም ናቸው። ይህንን ለኃላፊዬ በታላቅ ኩራት ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ። እንዳልገባው አውቄ ደግሜ አስረዳሁት።

የመጀመሪያው ካርታዬ ሲወጣ ደግሞ የእኛ የቤንች ዞን ምንጮች በሙሉ ሶማሌ ክልል በረሃ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። አሠልጣኛችን የሰጠን የቦታ መለኪያ ቅንብር ለመሀል አገር የሚሆን ነበር፤ እኛ ያለንበት ምዕራቡ ጥግ በካርታ ሰዎች አከፋፈል ሌላ ምድብ ውስጥ ነው የሚገባው። ለዚያ አገር ሰው ያን ሁሉ ውሃ ባደረስኩለት ደስ ባለኝ ነበር። ማንም ሳያይ ቅንብሩን አስተካክዬ ምንጮቼን ወደ ጫካቸው መለስኳቸው።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። ጋሼ ከቴክኒሻኖቹ ሁሉ አንጋፋው ነበሩ፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሼኮ ሰው ናቸው። ቤንችኛም እንደ ልብ ይናገራሉ፤ አማርኛ ሦስተኛቸው ስለሆነ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ሲያወሩ ቃል አያባክኑም። በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። የሚሠሩበት አካባቢ ከሚዛን በስተደቡብ ወደ ቱም ከተማ የሚወስደው መንገድ ሲሆን፣ ክረምት ላይ ሞተር ሳይክላቸውን ጥለው በእግር ነው የሚገቡት።

የእሳቸው አሠራር ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ቴክኒሻኖች መንገዱ ሲደርቅ ነው የሚወጡት፤ እሳቸው ግን ጳጉሜን ጠብቀው ይወጣሉ። ጳጉሜ ማለት ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ሁሉም ሰው ቢሮ ገብቶ ለአዲስ ዓመት በግ ስለመግዛት የሚያወራባት ወር ናት። ጋሼ ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው፣ ከዓመቱ ውስጥ ማንም ስብሰባ የማይጠራባቸው ቀናት እነዚያ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ቁም ነገሩ ነው፤ በጋ ላይ ሁሉም ምንጭ ጥሩ ይመስላል ይላሉ፤ ምንጭ የሚታወቀው ዝናቡ ሲያይል ነው፤ ጎርፍ የሚገባበት ከሆነ ያን ጊዜ ይደፈርሳል። ስለዚህ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ይዘው ይሄዳሉ፤ ውሃውን ይቀዱና ወደ ሰማይ አንስተው ያዩታል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ጥርት ብሎ የወጣውን ብቻ ይመዘግባሉ። በዚያ ዓመት በአምስት ቀን አምስት መንደር ደርሰው አምስት ምንጭ መዝግበው ነበር። ለየመንደሩ እናቶችም ከእንግዲህ ምርጫው በካርታ እንደሆነ፣ የእነሱም ምንጭ ካርታው ላይ እንደሚገባ ነግረዋቸዋል።

እኔ ቅጾቹን የገለበጥኩት ኅዳር ሲገባ ነው። ለሐሙስ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፣ የዓመቱ ምንጮች ይመረጣሉ። ሰንጠረዡን በጥሩ ሁኔታ አሰናዳሁት። ለውበት ብዬም ሁሉንም ዓምድ ወደ መሀል አስጠጋሁት። "የተጎበኘበት ቀን" የሚለውን ዓምድ ደግሞ በሥልጠናው እንደተነገረኝ "ቀን" ብዬ አስገባሁ፤ ቀን ነዋ፣ ሌላ ምን ልበለው። ሶፍትዌሩ ሲጨርስ ጥቂት ረድፎች ላይ የቀኑ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አሠልጣኛችን ለዚህ መድኃኒት ነበረው። ቀን የሌለው መረጃ አልተጎበኘም ማለት ነው፣ አጽዱት ብሎናል። አጸዳሁት። አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ባዶዎቹ ረድፎች ጠፉ። ምን እንደነበሩ እንኳ አላየሁም።

ትልቅ ወረቀት የሚያትም ማሽን ስላልነበረን ካርታውን በዘጠኝ ተራ ወረቀት አትሜ በፕላስተር አያያዝኩት። ሐሙስ ጠዋት ግድግዳው ላይ ሲሰቀል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። እንግዶቹ ብድግ ብለው ቀርበው አዩት። አንደኛው በጣቱ ነጥቦቹን እየነካ እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ ዞን አላየሁም አለ። ኃላፊዬ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ትሑት ለመምሰል ሞከርኩ፤ አልተዋጣልኝም።

ከዚያ እንግዳው ጣቱን ወደ ደቡብ አወረደና በቱም መንገድ ለምን ምንም ነጥብ እንደሌለ ጠየቀ። ኃላፊያችን ካርታውን አየ፤ ቀጥሎ ጋሼን አየ። ጋሼ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በመሥሪያ ቤታችን ሰው ሳይሄድ ሄድኩ ብሎ ቅጽ መሙላቱ ያልተሰማ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ያሰበው ይህንኑ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። እንዲያውም አንዱ አጠገቤ ያለው በጳጉሜ ማን እዚያ ይሄዳል ብሎ አንሾካሾከ።

"ጋሼ፣ ያን መንገድ ሄደዋል ወይስ አልሄዱም?" አለ ኃላፊያችን።

"ሄጃለሁ" አሉ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረ። አሁን ሳስበው ያኔ ብዙ ነገር ልል እችል ነበር። አላውቅም ማለት፣ ልየው ማለት፣ አሞኛል ብሎ መውጣትም ይቻል ነበር። እኔ ግን እንግዶቹ ፊት የምስክር ወረቀቴን የሚመጥን መልስ ፈለግኩ። ሶፍትዌሩ መረጃው የተሟላውን ሁሉ አውጥቷል፣ ያልወጣው ያልተሟላ ስለሆነ ነው አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼ ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት። ካርታው ላይ የእሳቸው መንገድ ያለበት ወረቀት ነጭ ነበር።

"ልጄ፣ ውሃው ግን እዚያው አለ" አሉኝ።

ኃላፊያችን ነገሩን ከምሳ በኋላ እናየዋለን ብሎ ዕረፍት ሰጠ። እንግዶቹ በማግስቱ ስለሚመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ ያልተመረጠ ምንጭ ለዚያ ዓመት ቀረ ማለት ነው። ለጋሼ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ሊጨርሱ ሲሉ ውሸታም ተብለው ሊወጡ ነው።

ምሳ አልበላሁም። ለጋሼ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ያች "ውሃው ግን እዚያው አለ" ያሏት ቃል አናደደችኝ። ልክ እንደሆንኩ ላረጋግጥ ወደ ቢሮዬ ሄድኩና የወረቀት ቅጾቹን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። የጋሼን አምስት ቅጽ ስፈልግ አንድ የጎደለ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነው። አንድም የጎደለ የለም። ጫፎቻቸው በዝናብ ተነፍተው ደርቀዋል፣ አንዱ ላይ ጭቃ የነካው የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ግን ከሁሉም ቅጾች በላይ የተሟሉት እነሱ ነበሩ። ቀኑም በግልጽ ተጽፏል። ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ እንዲያ እያለ እስከ አምስት።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያጸዳኋቸውን ረድፎች ከመጀመሪያው የኤክሴል ሰንጠረዥ ጋር እያስተያየሁ ፈለግኩ። የጠፉት ሰባት ናቸው። አምስቱ የጋሼ ሲሆኑ ሁለቱ የሌላ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ቅጹን በማስመሪያ የሚያሰምር፣ ማንም የማይጠረጥረው ልጅ ነው። የሁለቱም ቀን ጥቅምት ሠላሳ ይላል። ያኔ ጣቶቼን ዘርግቼ መቁጠር ጀመርኩ። እኔ የጻፍኩት ቀኑን፣ ቀጥሎ የወሩን ቁጥር ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። ኮምፒውተሩ ዘንድ ግን ሁለተኛው ወር የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን ኖሮት አያውቅም። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ናት። ኮምፒውተሩ ዘንድ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም። የለም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ባዶ አደረገው፣ እኔም ባዶውን ጠረግኩት።

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ብቻዬን። ኤክሴል ራሱ እኮ ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር፤ ቀን የሆነለትን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ያልሆነለትን እንደ ጽሑፍ ወደ ግራ ይተወዋል። እኔ ለውበት ብዬ ሁሉንም መሀል ላይ ስላሰለፍኳቸው የሚታይ ምልክት አልቀረም። ይህን ሳስብ ሳቄ ቆመ። ዓምዱን "ጽሑፍ" አልኩትና ሰንጠረዡን እንደገና አስገባሁ። አምስቱ ነጥቦች በቱም መንገድ ላይ ተራ በተራ ብቅ አሉ። ያን አንዱን ወረቀት እንደገና አተምኩት።

ከሰዓት በኋላ ነጩን ወረቀት አንስቼ አዲሱን ለጠፍኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ዝም ብዬ ለጥፌ መቀመጥ እችል ነበር፤ እንዲያውም ለአንድ አፍታ አሰብኩት። ግን ጋሼ እንደ ጠዋቱ እዚያው መጨረሻው ወንበር ላይ ነበሩ።

"ጋሼ ሄደዋል" አልኩ። "ቅጹ ሙሉ ነው። ሳላየው ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ የጳጉሜን ነገር አስረዳሁ። ስጨርስ ከእንግዶቹ አንዱ መንግሥት እንኳ ደመወዝ የማይከፍልባትን ወር ኮምፒውተሩ ምን አድርጎ ይወቃት አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊያችን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አንዱ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሰው ካርታ ላይ አይወጣም ማለት ነው ሲል ሌላው አማቴን ልንገራት አለ። እኔም ሳቅኩ፤ ዳንኩ ብዬ ነው። ሳቁ ሲበርድ ወደ ምርጫው ተገባ፤ ከአምስቱ የጋሼ ምንጮች ሦስቱ ለዚያ ዓመት ተመረጡ፣ ሁለቱ ለቀጣዩ ተያዙ። በዚሁ ስብሰባው ተበተነ። ጠዋት ላይ ሰውዬውን እንዴት እንዳየናቸው ያነሳ የለም። ሁሉም የሚያስታውሰው ቀልዱን ብቻ ነበር።

ጋሼ ሲስቁ አላየሁም። ስወጣ በረንዳው ሥር ሞተራቸው ላይ ሻንጣቸውን ያስራሉ። ካፊያው ጀምሯል፤ ከግቢው ማዶ ሰዎች ለፀሐይ ያሰጡትን ቡና ይሰበስባሉ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ቀና ሳይሉ ኮምፒውተሩን ይቅር ብዬዋለሁ፣ እሱ የፈረንጅ ልጅ ነው አሉ። ቀልደው ነው ብዬ ልስቅ ስል ማሰሩን ትተው አዩኝ።

"አንቺ ግን ታውቂኛለሽ" አሉ። "ወረቀቴ ቢሮሽ ውስጥ፣ ከወንበርሽ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ካርታውን ሊያይ ተነሳ፤ ወረቀቱን እንየው ብሎ የተነሳ ግን አንድ ሰው የለም።"

አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። እሳቸው ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በፊት ጋሼ ከመስክ ሲመለሱ ቅጾቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና እንደምን ዋልሽ ብለው ይወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ። እኔ አስገባለሁ፣ እሳቸው ስክሪኑን ያያሉ። አይቆጡም፣ አይነጫነጩም፤ ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፣ ከገበያ ያመጡትን ሙዝ ያካፍሉኛል። የእሳቸው ነጥብ ካርታው ላይ ሲወጣ "ይኸው" እላለሁ፤ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይነኩትና ይሄዳሉ። መብራት ከጠፋ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ጡረታ እስኪወጡ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ፤ እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ቀን ጋሼ ይሂዱ፣ እኔን ይመኑኝ ለማለት አልደፈርኩም።